ቀጭ የማይል ሰንጢ

«ጥርስ ለሌለው ሰው ሰንጢ ምን ሊሠራለት ነው?» አለች ዳይሬክተሯ፣ በሩ ገርበብ ካለው ቢሮዋ ውስጥ ሆና። ለማን እንደተናገረች ከኮሪደሩ አይታይም፤ የሌላ ሴት ሳቅ ብቻ ተከትሎ ተሰማ። የአባቷ ሰንጢ እንዲመለስላቸው አስቀድማ በስልክ የጠየቀችው ኦዲል ካፖርቷን በክንዷ ይዛ ተራዋን እየጠበቀች ነበር። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ትንፋሽ የሚወስድበት ዓይነት ሳቅ ነው። ያበሸቃትም ይኸው ነው። ክፉ ሳቅ ቢሆን ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ለክፋት የሚሰጠውን መልስ ያውቃል፤ ለድካም ግን ምን ይመለሳል?

ስትገባ ዳይሬክተሯ ሳቋን ሰብስባ ፋይል ገለጠችና ቁጥሩን ነገረቻት። አባቷ ፊርመን ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ወደዚህ የአረጋውያን ቤት ከገቡ አራት ወር ሆኗቸዋል፤ ባለፉት ስድስት ሳምንታት ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል። ዛሬ ዓርብ ነው፤ እስከ ሰኞ መብላት ካልጀመሩ ሆስፒታል ገብተው በቱቦ ይመገባሉ። «ብሉ ስንላቸው ‹መቼ?› ይላሉ» አለች ዳይሬክተሯ። «ሰዓቱን እንነግራቸዋለን፤ ግድግዳው ላይም መዳፍ የሚያህል ቁጥር ያለው ሰዓት አለ። ጊዜው ሳይጠፋባቸው አይቀርም።» ኦዲል ይህን አላመነችም። ከአባቷ ብዙ ነገር ሊጠፋ ይችላል፣ ጊዜ ግን አይጠፋም። ይልቅ እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነው፤ ሳህኑ ፊታቸው ሲቀመጥ ቀኝ እጃቸው ወደ ሱሪያቸው ኪስ ይገባል፣ ትንሽ ይዳብሳል፣ ባዶውን ይወጣና ከጠረጴዛው ሥር ይደበቃል። አባቷ በኖሩበት በፎሬ ተራራ ላይ፣ ሰንጢ በኪሱ የሌለ ወንድ ሱሪ እንዳልታጠቀ ነው የሚቆጠረው። ሁሉም በገዛ ሰንጢው ይበላል፤ ሲጨርስ በዳቦ ይጠርገዋል እንጂ እቃ ማጠቢያ አያስነካውም። እዚህ ሲገቡ በመጀመሪያው ቀን የተወሰደባቸው እሱ ነው፤ ደንቡ ስለት ያለው ነገር አይፈቅድም።

በሰንጢው ላይ የተነሳው ክርክር ረጅም አልነበረም። ዳይሬክተሯ በመጨረሻ ትከሻዋን ነቀነቀችና፣ ጫፉ ክብ ከሆነ፣ ስለቱም ወረቀት እንኳ የማይቆርጥ ከሆነ ይያዙት አለች። «ግን አይታመኑበት» ስትል ጨመረች፣ «ሰንጢ አያበላም።» ኦዲል አመስግና ወጣች።

ሰንጢው ያለው ወንድሟ ሬዢስ ዘንድ ነበር፤ አባታቸውን ያስገባ ዕለት በወረቀት ጠቅልለው የሰጡት ለእሱ ነው። ሬዢስ የሚኖረው ከጎማ ፋብሪካው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ኩሽናው እንደ ፋርማሲ ያብረቀርቃል። ቡና ቀዳላትና የራሱን መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ጠጣ። ከእሷ በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ በዚህ ምክንያት አንድ ቤት አድገው በሁለት ቤት ያደጉ ያህል ነው። ስለ ኪሎው ነገረችው፣ ስለ ቱቦው ነገረችው። እሱ ወደ ውጭ እያየ ሰማ። ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ፣ አሮጌ የቀለም ጣሳና ብሩሽ የተቀመጠበትን ሳጥን ይዞ መጣ፤ ከሥሩ ሰንጢውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዝገት በልቶታል። የቀንድ እጀታው ላይ ነጭ ቀለም ተንጠባጥቦ ደርቋል። ለመክፈት ብትሞክር በጄ አላለም።

«የቀለም ጣሳ ከፍቼበታለሁ» አላት። «አትቆጪ።»

«ሬዢስ! አባዬ ቢያየው ምን ይላል?»

«የአባባ አይደለም እኮ። የሽማግሌው ነው፤ የአያታችን። አንቺ አልደረስሽበትም።» ሁለት ጣቱን አጋጭቶ አጮኸ። «ቀጭ! በቃ። ሽማግሌው ይቆርጣል፣ ይበላል፣ ሲጠግብ ሰንጢውን ቀጭ ያደርገዋል፤ ምሳ አለቀ። እማማ ትነሳለች፣ የእርሻ ቅጥረኞቹ ይነሳሉ፣ እኔም እነሳለሁ። ማንኪያሽ አየር ላይ ቢሆን ትመልሺዋለሽ። ድስቱ ውስጥ ድንች ሲጨስ እያየሁ ነው ስንቴ የተነሳሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሞተ፤ እሰይ ብዬ ነበር። ከዚያ ሰንጢውን አባባ ወረሰው።»

«አባዬ ግን እንዲያ አያደርግም ነበር» አለች ኦዲል።

«አባባም ያው ነው» አለ ሬዢስ፣ ፍንጃሉን እያጠበ።

ኦዲል ልትናገር የፈለገችው ነገር ነበራት። እሷ በልጅነቷ ምግብ ላይ ከቤቱ ሁሉ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እናቷ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ያንቺ ሾርባ ግን የት ሊደርስ ነው?» እያለች ትስቅባት ነበር። አንድም ቀን ግን ከማዕድ ተነሽ ያላት ሰው አልነበረም። ይህን ለበላ ሰው መናገር ቀላል ነው፣ ለተነሳው ማድመጡ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ ሰንጢውን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ባቡር ጣቢያ ወረደች።

ከክሌርሞን ወደ ሰንጢ ሠሪዎቹ ከተማ ወደ ቲዬር በባቡር አርባ ደቂቃ ነው። መንገዱን ሁሉ መሐረቡን ፈታ ስታየው ሄደች። ሕይወቷን ሙሉ በአባቷ እጅ ያየችው ዕቃ ነው፤ በገዛ እጇ ግን ይዛው አታውቅም፤ አሁን እንደ እንግዳ ሰው ፊት ታጠናው ጀመር። እጀታው በአንድ ወገን ጎድጉዷል፤ አውራ ጣቷን ስታገባው ሰፋት። ስለቱ ግማሽ ጣት ያህል ከጎኑ ወጣ ብሎ ይታያል፤ በመሳል ብዛት አልቆ እንደ አኻያ ቅጠል ቀጥኗል። ከስንት ዳቦ በኋላ ነው ብረት እንዲህ የሚያልቀው? ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ሰንጢውን አየና፣ «የጥሩ ቤት ነው» አላት፤ በዚያ መስመር ባቡር ላይ ስለ ሰንጢ አስተያየት የማይሰጥ መንገደኛ ማግኘት ያስቸግራል።

የፖስታ ቤት ጓደኛዋ የጠቆመቻት ሴት ማዳም ኡጌት ይባላሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ወደ ዱሮል ወንዝ በሚወርድ ደረጃ መሳይ ጎዳና ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከአሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ ሰንጢ ሲገጣጥሙ ኖረዋል። ክፍሏ ውስጥ መስኮቱ ሥር ብረት ማሰሪያ ሞርሳ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የማይዘጋ ሬዲዮ አለ፣ በቆርቆሮ ጣሳ በጣሳ የተለየ ትናንሽ ምስማርና የቀንድ ቁራጭ አለ። ወንዙ ከታች እየጮኸ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ጎዳና ላይ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ኡጌት ዳቦና ቋሊማ እየበሉ ነበር። በአፋቸው ሙሉ «ግቢ፣ ግቢ» አሉና ሰንጢውን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን አገላበጡት።

«ይህን ያደረገው ማነው? ባልሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«ወንድም ከሆነ አይፈታም፤ ቻይው። ምን ልሥራለት?»

ኦዲል ነገረቻቸው፤ ዝገቱ ይውጣ፣ ይከፈት፣ ይዘጋ፣ ጫፉ ክብ ይሁን፣ ስለቱም ይደንዝዝ። መጨረሻ ላይ የተባለውን ሲሰሙ ኡጌት ቋሊማውን አኖሩት።

«ይደንዝዝ? እኔ? አባቴ በዚህ ወንዝ ዳር፣ ከመሳያው ድንጋይ በላይ ሳንቃ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲሞርድ ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ በክረምት እንዳይበርደው ውሻው እግሩ ላይ ይተኛለት ነበር። ሲሞርድ ነው ያልኩሽ፣ ሲያደነዝዝ አይደለም። አንቺ እኮ ሐኪም ቤት ሄደሽ ‹ደህናውን እግር ቁረጡልኝ› እያልሽ ነው!»

«ካልደነዘዘ አባቴ ያለበት የአረጋውያን ቤት አይገባም። ካልገባ ደግሞ አባቴ አይበላም።»

«እንዲህ በይኛ ታዲያ» አሉና መነጽራቸውን አጠለቁ። «ሥራው አርባ ዩሮ ነው። ለማደንዘዙ ግን ሳንቲም አልቀበልም፤ ኃጢአቱ ያንቺ ይሁን።»

መጀመሪያ ዘይት አጠጡት። ቀጥሎ በቀጭን መብሻ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ገፍተው አስወጡና ሁለቱን የቀንድ ገጾች እንደ ለውዝ ፈለፈሏቸው። ስለቱ ወጣ፣ ጀርባው ላይ ያለው ሞላ ወጣ። ኦዲል አጎንብሳ ከአሮጊቷ ትከሻ በላይ ታያለች፤ የአባቷን ሆድ ዕቃ ሲከፍቱ የቆመች ያህል ፈርታለች፣ ግን ዓይኗን ማንሳት አልቻለችም። የኡጌት እጅ በድንገት ቆመ። ስለቱ ሲዘጋ የሚያርፍበት ቦይ ውስጥ፣ ሞላው ላይ፣ የተለጠፈ ጥቁር ነገር ነበር። በወረንጦ ፈንቅለው አወጡትና ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ቆዳ ነው፤ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይሰፋ የቆዳ ቁራጭ። ከሥሩ ሁለተኛ ነበር፤ ከሁለተኛው ሥር ሦስተኛ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ።

«ይሄ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም» አሉ ኡጌት። «አንድ ሰው በእጁ ነው የከተተው። ሲያረጅም ሌላ እየደረበበት። የላይኛውን እዪው፤ ገና ቡናማ ነው፣ አምስት ዓመትም አይሞላው።»

«ለምንድነው የሚከተተው?»

«አንዳንዱ ስለቱ ብረት እንዳይመታ ብሎ ያደርገዋል። ግን ለዚያ ቢሆን ጫፉ ጋ ትንሽ ይበቃል። ይሄኛው ከዳር እስከ ዳር ነው። ሲዘጋ ትንፍሽ አይልም ነበር።» አሮጊቷ ጭንቅላታቸውን አከኩ። «ያለሱ እንዴት እንደሚጮህ መስማት ትፈልጊያለሽ?»

ኦዲል ፈለገች። እንዲህ ያለ ነገር ለማወቅ ጓጉታ አታውቅም። ኡጌት ሞላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ ስለቱን አጽድተው፣ ሁሉንም በጊዜያዊ ምስማር መልሰው አሰሩት። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ፤ በመካከሉ ወደ ዳቧቸው እየተመለሱ ይገምጡ ነበር። ሲያልቅ በግራ እጃቸው ዳቦውን እንደያዙ ሰንጢውን በቀኝ እጃቸው ከፈቱና ዘጉት።

ቀጭ! አለ።

ጥርት ያለ ክፉ ድምፅ ነበር፤ ከወንዙም ከሬዲዮውም በላይ ተሰማ። የኡጌት ግራ እጅ ወርዶ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አሮጊቷ ሊነሱም ወንበራቸውን ወደኋላ ገፋ አድርገው ነበር። ያደረጉትን ያወቁት እጃቸውን ሲያዩት ነው። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሱ።

«እዪኝ! ስድሳ ዓመት አልፎ! አባቴ ቀጭ ሲያደርገው እንዲህ ነበር የምንነሳው፤ እናቴ የመጨረሻውን ጉርሻ ቆማ ነበር የምትውጠው።» ሳቁ ቀስ እያለ ሄደባቸው። «የናንተ ቤትም እንዲህ ነበር?»

«የአያቴ ጊዜ ነበር አሉ። አባቴ ግን...» ኦዲል አልጨረሰችውም። አባቷ በማዕድ ራስ ተቀምጠው፣ ሰንጢው በእጃቸው ክፍት ሆኖ፣ ዳቦ እንደ ጥፍር አሳንሰው እየቆረሱ፣ አንዷን ፍርፋሪ ሲያላምጡ ታዩአት። እሷ ሾርባዋን እስክትጨርስ ድረስ። የምግብ ሆዳም ናቸው ብላ ነበር የምታስበው፤ ምን ያህል ቢበሉ ነው ሁልጊዜ ከእኔ ጋር የሚጨርሱት ትል ነበር። አባቷ ለቤቱ ሰው «ብሉ፣ እኔን አትዩ» ማለት ይችሉ ነበር፤ ምናልባትም ብለዋል። ግን እጅ አፍን አይሰማም፤ የለመደውን ነው የሚሰማው። ሰውን ማሳመን ሲያቅታቸው ሰንጢውን ዝም አሰኙት።

ስልኳን አውጥታ ለሬዢስ ደወለች። «አባዬ ሰንጢውን ሲዘጋው ትሰማ ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ድምፁን፣ ሬዢስ። በአባዬ ጊዜ። ሰምተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ እጁን ነበር የማየው» አለ። «ሊዘጋው ጣቱን ሲያጥፍ እነሳ ነበር። ምን ሆነሽ ነው?» ስለ ቆዳው ነገረችው። ስልኩን ዘጋው።

ኡጌት ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ሞርሳቸውን ሲያጠብቁ ቆዩና፣ «ታዲያ ልተወው ወይስ ልመልሰው?» አሉ። «ሰው ቀጭ ሲል ይወዳል። ሞላው ጤነኛ ነው ይላሉ።»

«ይመለስ» አለች ኦዲል። አሮጊቷ ከአሮጌ የቆዳ ሽርጣቸው ላይ አዲስ ቁራጭ ቆረጡ። ነጩን ቀለም ፋቁ፣ ቀንዱን በጨርቅ ወለወሉ፣ ለጣት የጎደጎደውን ግን አልነኩትም። መጨረሻ ላይ ፊታቸውን እያጨማደዱ ጫፉን ክብ አደረጉ፣ ስለቱንም በሞረድ ገደሉት። ሲሰጧት መሐረቡን ራሳቸው ጠቀለሉት።

ከባቡር ወርዳ የአረጋውያኑ ቤት ደጃፍ ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሬዢስ መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከገና ወዲህ እዚህ ድርሽ ብሎ አያውቅም። «አሳዪኝ» አለ፤ ሰላምታም አላስቀደመም። ሰንጢውን ተቀብሎ ከፈተው፣ ጆሮው ሥር አድርጎ ዘጋው። እንደገና ከፈተና ዘጋው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ መለሰላትና ቀድሟት ገባ።

ዳይሬክተሯ ስለቱን በራሷ ወረቀት ላይ ሞክራ አሳለፈችው። በምግብ አዳራሹ አባታቸው ከአንዲት እጃቸው ከሚንቀጠቀጥ አሮጊት ጋር ተቀምጠዋል፤ ኤርነስቲን ይባላሉ፣ እሳቸውም ከተራራው ወገን ናቸው። ኦዲልና ሬዢስ በእንግዳ ሒሳብ ሾርባ አዝዘው ባዶዎቹ ሁለት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ኦዲል ሰንጢውን በአባቷ ሳህን አጠገብ አኖረችው። ፊርመን ብዙ አዩት። አነሱት፤ አውራ ጣታቸው ጎድጓዳውን አገኘ። ከፈቱትና ስለቱን ዳበሱት።

«ሞቷል» አሉ።

«አዎ አባዬ። ሳይሞት አይገባም አሉ።»

«እኔስ እንዴት የገባሁ ይመስልሻል?» አሉ ሽማግሌው፣ ኤርነስቲንም ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ።

ሰንጢውን እንደተከፈተ በሳህኑ ቀኝ አስተኙት። ከዚያ ማንኪያ አነሱ። ኦዲል ታያቸዋለች፤ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ዳቦውን በሾርባው አርሰው፣ ቀስ ብለው። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ አስተናጋጇ ሉዲቪን ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፤ አርባ ሰው ለብቻዋ ማስነሳት አለባት። «ጨረስን አይደል?» ብላ ግማሹ ወዳልተነካው የኤርነስቲን ሳህን እጇን ዘረጋች።

«ሰንጢው አልተዘጋም፣ ልጄ» አሉ ፊርመን።

ሉዲቪን አልገባትም፤ የከተማ ልጅ ናት። ከጎን ካለው ጠረጴዛ ግን አንድ ሽማግሌ ሊገፉት የነበረውን ሳህን መልሰው ሳቡ። ከመስኮቱ ሥርም አንዲት ሴት ማንኪያቸውን እንደገና አነሱ። አዳራሹ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ ብቻ በረከተ። ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየችና ዓይኗን ኦዲል ላይ አሳረፈች።

«ትንሽ ብትጠብቂ» አለቻት ኦዲል። «ሰንጢው ሲዘጋ ሳህኑን ታነሻለሽ።»

ጋሪው ወደ ሌላው ዳር ሄደ። ፊርመን አንገታቸውን ወደ ኤርነስቲን ወርወር አድርገው፣ «አፏ ሳይደርስ ይወስዱባታል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በየቀኑ። እሷ እያየችኝ መቼ ልበላ? እኔም ብጀምር መቼ ልጨርስ? ‹መቼ?› ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ሰዓት ይነግሩኛል።»

ኦዲል ፊቷን ወደ ሾርባዋ አቀረቀረች፤ እንባዋ መጥቶ ነበር። አባቷ ሳህናቸውን አጸዱ። ኤርነስቲንም እየተንቀጠቀጡ የመጨረሻውን አደረሱ። ሬዢስ ግን ገና አልነካውም ነበር፤ ከገባ ጀምሮ አንዲት ማንኪያ ጨልፎ የአባቱን እጅ ነው የሚያየው። ሽማግሌው ስለቱን በቁራሽ ዳቦ ጠረጉት፣ ዳቦውን ጎረሱት፣ ጣታቸውንም አጠፉ። ሰንጢው ምንም ሳይል ተዘጋ። የሬዢስ ወንበር ወለሉ ላይ ተንቋቋ፤ ብድግ ብሎ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ዘጋኸው እኮ፣ አባባ።»

ፊርመን በአዳራሹ ዳር ጀርባዋን ሰጥታ ጋሪዋ ላይ ሳህን የምትደረድረውን ሉዲቪንን ተመለከቱ። ከዚያ እጃቸውን በሰንጢው ላይ ጭነው ሸሸጉትና ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ።

«አልሰማችም» አሉት። «ቁጭ ብለህ ብላ።»

ሬዢስ ተቀመጠ። ሾርባው ቀዝቅዟል። ማንኪያውን አንስቶ መብላት ጀመረ፤ አባቱም ዳቦውን አሳንሰው እየቆረሱ ሳህኑ አጠገብ ያኖሩለት ነበር።